ቴሉራይድ፦ በፌስቲቫሉ ቀናት በእግር፣ ስትመለሱ በመኪና

እህቴ፣ ሌሎችም እንዲከተሉን ጥያቄሽን በአጭሩ ልድገመው። በኮሎራዶ ተራሮች መካከል ባለችው ከተማ ለሚደረገው ለቴሉራይድ ብሉግራስ ፌስቲቫል (እንደ ባንጆና ቫዮሊን ባሉ ባለ ክር መሣሪያዎች የሚጫወቱት የአሜሪካ ባህላዊ ሙዚቃ ነው) የአራት ቀን ቲኬት ገዝታችኋል፤ የምትሄዱት እዚያው ኮሎራዶ ካለችው አውሮራ በመኪና ነው። ባለቤትሽ ከመድረኩ ፊት ንቅንቅ ማለት አይፈልግም። አንቺ ደግሞ ከአዲስ አበባ የመጡት እናትሽና ሁለቱ ልጆችሽ አራት ቀን ሙሉ ሣር ላይ ተቀምጠው እንዳይሰለቹ ሰግተሻል። በመካከሉ ሜሳ ቨርዴን፣ ማለትም በገደል ውስጥ የተሠሩ ጥንታዊ ቤቶች ያሉበትን ፓርክ፣ አይቶ መመለስ ይቻል እንደሆነም ጠይቀሻል።

በመካከሉ አይሆንም። እስከ ፓርኩ መግቢያ ድረስ ብቻ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ከመግቢያው እስከ ጥንታዊዎቹ ቤቶች ደግሞ ገና ጠመዝማዛ ዳገት ይቀራችኋል። ደርሶ መልሱ ቀኑን ሙሉ ይወስዳል፤ ልጆቹ ደክመው፣ እናትሽ ወገባቸው ተቆርጦ ስትመለሱ ብዙ ገንዘብ የከፈላችሁበት ሙዚቃ አልቋል። ለሚጠይቀኝ ዘመድ ወዳጅ ሁሉ የምለው አንድ ነገር ነው፦ በፌስቲቫሉ ቀናት መኪናውን አቁማችሁ እርሱት፤ በእግርና በጎንዶላ (በገመድ ማመላለሻው) የሚደረስበትን ብቻ እዩ። ሩቁን ሁሉ ለመመለሻው አቆዩት።

ከተማዋ ለዚህ የተመቸች ናት። በሦስት በኩል ገደል የዘጋው ሸለቆ ውስጥ ስላለች ከዳር እስከ ዳር በእግር ትዳረሳለች። መድረኩ ያለበት ታውን ፓርክም ከዋናው መንገድ ምሥራቃዊ ጫፍ አጠገብ ነው። ሙዚቃው የሚጀምረው ረፈድ ሲል ስለሆነ ጠዋቱ የእናንተ ነው። በዚህ ፌስቲቫል የቆየ ልማድ አለ፤ ሰው በሌሊት ተነሥቶ ወረፋ ይይዝና በሩ ሲከፈት ሸራውን ታቅፎ ወደ መድረኩ ይሮጣል። ይህን ሥራ ለባለቤትሽ ስጪው። እርሱ ሸራውን ሲያነጥፍ እናንተ ተራራ ላይ ናችሁ።

መጀመሪያ ጎንዶላው። ከቴሉራይድ ተነሥቶ በተራራው አናት አልፎ ማውንቴን ቪሌጅ ወደምትባለው ሰፈር የሚወርድ፣ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የሚሠራ የገመድ ማመላለሻ ነው። ጉዞው 13 ደቂቃ ያህል ሲሆን ክፍያ የለውም። ሰው የሚሳሳተው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዶ መመለሱ ላይ ነው። እናንተ ግን መካከለኛው ጣቢያ ላይ ውረዱ፤ ስሙ ሳን ሶፊያ ነው፣ ከፍታው 3,200 ሜትር ገደማ። እዚያ ሆናችሁ ወደ ታች ስታዩ ከተማዋ በሙሉ ከእግራችሁ ሥር ትሆናለች፤ ማዶ ደግሞ በሰኔ ወር እንኳ በረዶ ያልለቀቃቸው ጫፎች ተደርድረዋል። አንድም ዳገት ሳይወጡ ይህን ሁሉ ማየት ለእናትሽ ትልቅ ነገር ነው። ከተመቻችሁ ማታም ድገሙት፤ ልጆች የሌሊቱን ጉዞ ከቀኑ አብልጠው ይወዱታል።

ሁለተኛው ቤር ክሪክ ነው። ከዋናው መንገድ በፓይን ጎዳና ወደ ደቡብ ወርዳችሁ የወንዙን ድልድይ ስትሻገሩ መንገዱ ይጀምራል። ፏፏቴው ድረስ ደርሶ መልስ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሰፊና ለስላሳ ቢሆንም ዳገትነቱ አያቋርጥም። እናትሽ እስከ መጨረሻው መሄድ የለባቸውም። አክስቴን ይዘን የሄድን ጊዜ ከመንገዱ እኩሌታ ሳይደርሱ ወንዙ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ጋቢያቸውን ደረቡ፤ “እናንተ ሂዱ፣ እኔ የሚያልፈውን አያለሁ” አሉን። ስንመለስ ባንጆ ካዘለች ወጣት ጋር ቆሎ ሲካፈሉ አገኘናቸው። ልጅቱ አማርኛ አታውቅም፣ አክስቴ እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ወሬው ግን ደርቷል።

ብራይዳል ቬይል የሚባለው ፏፏቴ ከሸለቆው መጨረሻ ላይ ሲወርድ ከከተማው ምሥራቃዊ ዳር ይታያል። ቁመቱ 111 ሜትር ነው፤ አናቱ ላይ የተቀመጠችው ቤት የድሮ የኃይል ማመንጫ ናት። ለልጆቹ ማሳየት አይከፋም፤ ሥሩ ድረስ የሚወስደው አቧራማ ዳገት ግን ጥላ ስለሌለው እኔ ከሁለቱ ቤር ክሪክን እመርጣለሁ።

ከእግር ጉዞው ለማረፍ ከተማው መሀል ወዳለው ኤልክስ ፓርክ ሂዱ። በፌስቲቫሉ ቀናት ሙዚቀኞች እዚያ ጥቂት ሰው ፊት ይጫወታሉ፣ ስለ አጨዋወታቸውም ያወራሉ፤ ቲኬት አያስፈልግም። እናትሽ ቫዮሊኑን ሰምተው ማሲንቆ ቢያነሡ አትገረሚ። ባንጆም ቢሆን ዘሩ አፍሪካዊ ነው፤ በባርነት የተጋዙ ሰዎች ናቸው ይዘውት የመጡት። ዋናው መንገድ ላይ ደግሞ ለልጆቹ የምትነግሪያቸው ታሪክ አለ፦ ቡች ካሲዲ የተባለው ሽፍታ እ.ኤ.አ. ሰኔ 24 ቀን 1889 የዚህችን ከተማ ባንክ ዘርፎ ከ20 ሺህ ዶላር በላይ ይዞ አምልጧል። ወሩ ከፌስቲቫሉ ወር ጋር መገጣጠሙ ልጆቼን በጣም ነበር ያሳቃቸው።

ስለ ከፍታው ትንሽ ልበል። ቴሉራይድ 2,667 ሜትር ላይ ናት። አዲስ አበባ 2,355፣ የአውሮራችሁ ጎረቤት ዴንቨር ደግሞ 1,609 ነው። ስለዚህ እናትሽ በቅርቡ ከመጡ ከእርሳቸው ይልቅ የምሰጋው ለእናንተ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ዳገት ሳትወጡ አሳልፉት፣ ውሃ ጠጡ። እናትሽ የደም ግፊት ወይም የልብ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሳትነሡ ሐኪማቸውን ጠይቁ። የእግር ጉዞውን ከእኩለ ቀን በፊት ጨርሱ፤ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ድንገት ይመጣል፣ በዚያ ከፍታ መብረቅ ቀልድ አይደለም። ማታ ሲሆን ደግሞ ብርዱ ያንቀጠቅጣል፤ ጋቢ ከቤት አይቅር።

ጂፕ ተከራይታችሁ ብላክ ቤር የሚባለውን የተራራ ማለፊያ እንድትወጡ የሚመክራችሁ ሰው አይጠፋም። ተዉት። በፌስቲቫሉ ሰሞን ብዙውን ጊዜ በበረዶ ተዘግቶ ነው የሚገኘው፤ ክፍት ቢሆንም ልጅና እናት ይዞ የሚኬድበት መንገድ አይደለም።

አሁን ወደ መመለሻው። ባለቤትሽ ሁለት ቀን ተጨማሪ ፈቃድ ካገኘ በመጣችሁበት መንገድ አትመለሱ። ከቴሉራይድ ወደ ደቡብ ወጥታችሁ፣ ትራውት ሐይቅ ዳር ትንሽ አርፋችሁ፣ የሊዛርድ ሄድን ማለፊያ ተሻግራችሁ፣ በዶሎሬስ በኩል ወደ ሜሳ ቨርዴ ውረዱ። በማግስቱ በዱራንጎ በኩል ወደ ሲልቨርተን፣ ከዚያ ወደ ዩሬይ፣ ከዩሬይ በሪጅዌይና በሞንትሮዝ አድርጋችሁ ወደ ቤት።

ዙሩን በዚህ አቅጣጫ ያልኩት በምክንያት ነው። ከሲልቨርተን እስከ ዩሬይ ያለው ሚሊዮን ዶላር ሀይዌይ የሚባለው መንገድ በብዙ ቦታ የዳር መከላከያ ብረት የለውም። ከዩሬይ ወደ ደቡብ የሚነዳ ሰው የሚሄደው በገደሉ በኩል ባለው መስመር ነው፤ በቀኝ መስኮት የሚታየው ባዶ አየር ነው። ከሲልቨርተን ወደ ሰሜን ስትመጡ ግን የተራራውን ግድግዳ ይዛችሁ ነው የምትነዱት፣ በእናንተና በገደሉ መካከል ሌላው መስመር አለ። ያው መንገድ፣ ያው እይታ፣ ግን እናትሽ “በስመ አብ” የሚሉት ቁጥር በግማሽ ይቀንሳል።

ሜሳ ቨርዴ ስትደርሱ እናትሽን የሚያስደስት ነገር ንገሪያቸው፦ እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው 12 ቦታዎች መካከል ሜሳ ቨርዴ፣ ላሊበላና የሰሜን ተራሮች አብረው ነበሩ። በገደሉ ዋሻ ውስጥ ክሊፍ ፓላስ የሚባለውን 150 ያህል ክፍል ያለው መንደር ፑብሎ የሚባሉት የአካባቢው ነባር ሕዝቦች በድንጋይና በጭቃ የሠሩትም በ12ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ13ኛው ነው፤ የእኛዎቹ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ተፈለፈሉበት ከሚባለው ዘመን ጋር ማለት ነው። ወደ ውስጥ የሚገባው ከፓርኩ አስጎብኚ ጋር ብቻ ሲሆን መሰላል መውጣት አለበት። ጉልበታቸው የማይፈቅድላቸው ከሆነ አንዳችሁ ከእናትሽ ጋር ሰን ቴምፕል የተባለው ቦታ ላይ ሁኑ፤ ከሸለቆው ማዶ መንደሩ ፊት ለፊት ይታያል። የጉብኝቱ ትኬት የሚሸጠው በኢንተርኔት ከ14 ቀን በፊት ጀምሮ ነው፣ ቶሎም ያልቃል፤ በዚያው የትኛው መንደር ለጉብኝት ክፍት እንደሆነ ተመልከቺ።

ዱራንጎ ላይ ልጆቹ የሲልቨርተንን የእንፋሎት ባቡር አይተው መለመናቸው አይቀርም። እ.ኤ.አ. ከ1882 ጀምሮ ያለ ባቡር ነው፣ ያምራል፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ይወስዳል፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ለሌላ ዓመት ይቆይ። ይልቅ ዩሬይ ስትደርሱ በፍል ውሃው ገንዳ ካሱአቸው። ዩሬይ ከፍታዋ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ነው ለማለት ይቻላል፤ ሞቅ ባለው ውሃ ውስጥ ሆናችሁ ዙሪያውን ተራራ ማየት ከዚያ ሁሉ መንገድ በኋላ ጥሩ ዕረፍት ነው። እናትሽ መግባት ካልፈለጉ ሳይገቡም እግራቸውን ይነክሩ።

ስለ ምግብ፦ ፌስቲቫሉ ብዙውን ጊዜ በጾመ ሐዋርያት ነው የሚውለው። እንጀራና ድርቆሽ ከአውሮራ ይዛችሁ ውጡ፣ በሶና ቆሎም አይረሳ። የመጠጥ ጠርሙስ ወደ ግቢው አይገባም። በሰኔ ደረቅ ስለሚሆን እሳት ማንደድ ብዙ ጊዜ ይከለከላል፤ ቡናውን ከማረፊያችሁ አፍልታችሁ በፔርሙዝ ያዙ። ማረፊያ ገና ካልያዛችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ያዙ፤ ከተማው ውስጥ ካጣችሁ ማውንቴን ቪሌጅን ሞክሩ፣ በጎንዶላው ትመላለሳላችሁ።