ጋለሪው ሲዘጋ ስልክ የሚያነሳው ማነው?

ሰሞኑን አንዲት ወጣት ሰዓሊ ደወለችልኝ። "ጋሼ፣ ፖፕ አፕ ጋለሪ ላይ ሥራ አስገቢ ብለውኛል። ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?" አለች። ባዶ የቆመ ሱቅ ለጥቂት ሳምንት ተከራይተው፣ ግድግዳውን ነጭ ቀብተው፣ የተወሰኑ ሰዓሊዎችን ሊያሰባስቡ ነው። ልጅቷ ጎበዝ ናት። ስንት ኮሚሽን እንደሚወስዱ፣ መክፈቻው ላይ እነማን እንደሚጠሩ፣ ኢንስታግራም ላይ ስንት ተከታይ እንዳላቸው ሁሉ አጣርታለች። እኔ የጠየቅኳት አንድ ነገር ነው፦ "ሲዘጋስ?"

"ሲዘጋማ የተረፈውን ይዤ እመለሳለኋ" አለችና ሳቀች።

የተረፈውን እንኳ ትመልሳለች። እኔ ያሰብኩት ስለማይመለሰው ነው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ልብስ ሰፊው ትዝ አለኝ፤ ያን ቀን ብሩሽም አላነሳሁ።

ልብስ ሰፊው ጎረቤቴ ነበር። መስኮቱ ከእኔ ክፍል ፊት ለፊት ነው። ሲንጀሩ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ቢጫ ሜትር አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ እግሩን ፔዳሉ ላይ አሳርፎ ሳልኩት። ያ ቢጫ አሳሬን ነው ያበላኝ። ስቀባው ይጮሃል፣ ሳደበዝዘው ይሞታል። በመጨረሻ ግን እሺ አለኝ። እስከዛሬ ከሠራኋቸው ሁሉ ያን ሜትር የሚያህል የለም ብዬ አምናለሁ።

ጊዜው ገና ስልክ ሁሉ ካሜራ ያልሆነበት ነው። የቤት ዕቃ ይሸጥበት የነበረ ሱቅ ተለቀቀና አንድ አዘጋጅ ለአጭር ጊዜ ይዞት ጋለሪ አደረገው። ሶፋዎቹ የቆሙበት ወለል ከሌላው ነጣ ብሎ ይታይ ነበር። ልብስ ሰፊውን ወስጄ ሰጠሁ።

መክፈቻው ዕለት ጠዋት መብራት የሚሰቅለው ልጅ ከመሰላሉ ላይ ቁልቁል አየውና "የዚህ ሰውዬ እግር አላጠረም እንዴ?" አለኝ። ደሜ ፈላ። አስተማሪዎቼ አይተው ምንም ያላሉትን ሥራ! ትንሽ ቆይቼ ራቅ ብዬ አየሁት። አጭር ነበር። ቀለሜን አመጣሁና እዚያው ቆሜ እግሩን አስረዘምኩት። ያ ልጅ ከእንግዶቹ ሁሉ የተሻለ ሥዕል አይቷል። እንግዶቹማ በአብዛኛው እርስ በርስ ነበር የሚተያዩት።

ሥዕሉ በዚያው ሰሞን ተሸጠ። መሸጡን ለማመልከት ከጎኑ የተለጠፈውን ቀይ ነጥብ ሳይ ደስ አለኝ፤ ወጣት ነኝ፣ ኪራይ አለብኝ። "ማን ገዛው?" አልኩ። "አንድ ሸምገል ያሉ ሰውዬ ናቸው። ስማቸው ደረሰኙ ላይ አለ፣ እንሰጥሃለን።" ገንዘቡ ኮሚሽኑ ተቆርጦ፣ ሳንቲም ሳትጎድል በፖስታ መጣልኝ። ስለዚህ ሌቦች ናቸው ማለት አልችልም። ስሙን ግን ደጋግሜ ጠየቅኩ። አንዴ ወረቀቱ ካርቶን ውስጥ ነው፣ አንዴ ሒሳብ ያዧ ጋ ነው፣ አንዴ ነገ ና። ጋለሪው ከተዘጋ በኋላ ስሄድ ሱቁ ውስጥ ጫማ እየተደረደረ ነበር። ሻጩ ስለ ጋለሪ የሰማው ነገር የለም። የአዘጋጁ ስልክ ለጥቂት ጊዜ ጠራ። ከዚያ መጥራቱንም ተወ።

ያኔ ያስጨነቀኝ እግሩ ነው። ያረዘምኩት እግር አልደረቀም ነበር። የዘይት ቀለም ስስ ሆኖ እንኳ ለመነካት ቀናት ይፈልጋል፤ ወፈር ካለ ሳምንታት። ሰውዬው በላስቲክ ጠቅልለውት ከሆነ፣ ሲፈቱት እግሩ ከላስቲኩ ጋር ተላጦ ይመጣል። ደውዬ "እባክዎ ትንሽ ግድግዳ ላይ ይቆይ" ብላቸው ይበቃ ነበር። የት ልደውል?

ዋናው ቁጭት ግን ከዓመታት በኋላ ነው የመጣው። ልብስ ሰፊው ሞተ። ሴት ልጁ አፈላልጋ አገኘችኝና "አባቴን ስለኸው ነበር አሉ። ሥዕሉን አንዴ ባየው" አለች። ያለኝ አንድ የመክፈቻው ዕለት ፎቶ ብቻ ነው። እሱም ላይ የአንዲት እንግዳ ትከሻ ግማሹን ሥዕል ሸፍኖታል። የሚታየው ሜትሩና የአባቷ አንድ ጆሮ ነው። ፎቶውን ሰጠኋት። ቆይታ ቆይታ "ይቺ ሴትዮ ማናት?" አለችኝ።

እሷንም አላውቃት።

ለዚህ ነው ማንም ስለ ፖፕ አፕ ሲጠይቀኝ ወሬው ወደ መዝጊያው የሚሄድብኝ። እናንተ ወጣት ሰዓሊዎች፣ ስለ ኮሚሽን አልመክራችሁም፤ እሱን ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። የገዢ ስም ግን የስሜት ጉዳይ ብቻ አይደለም። አንድ ቀን ሥራችሁን ለትልቅ ዐውደ ርዕይ በውሰት የምትጠይቁት ያንን ሰው ነው። ፈረንሳይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920 ሥዕል ዳግም ሲሸጥ ሰዓሊው ድርሻ እንዲያገኝ በሕግ ደነገገች፤ ሌሎች አገሮችም በየጊዜው ተከትለዋታል። ሕጉ ባለበት አገር እንኳ ሥዕሉ የት እንዳለ የማያውቅ ሰዓሊ ድርሻውን ከማን ይጠይቃል?

ጊዜያዊነቱ ራሱ ነውር የለውም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1874 ሞኔ፣ ሬኖዋር፣ ደጋ፣ ፒሳሮ፣ በርት ሞሪዞና ጓደኞቻቸው፣ በኋላ ኢምፕሬሽኒስት የተባሉት ሰዓሊዎች፣ ፓሪስ ውስጥ ናዳር የተባለው ፎቶ አንሺ የለቀቀውን ስቱዲዮ ያዙ። የቆዩት አንድ ወር ነው። ቀን ሥራ የሚውል ሰው እንዲመጣ ማታም ይከፍቱ ነበር። መግቢያው 1 ፍራንክ። ጋዜጣው አላገጠባቸው። በዓመቱ መጨረሻ ሬኖዋር ቤት ተሰብስበው ሒሳቡን ሲያዩ ለእያንዳንዱ አባል 184 ፍራንክ ከ50 ሳንቲም ዕዳ ደረሰው። ማኅበራቸው ፈረሰ። በገንዘብ ካሰላችሁት ኪሳራ ነው። ግን ካታሎግ አሳትመው ነበር፤ ያዘጋጀው የሬኖዋር ወንድም ኤድሞን ነው፣ ዋጋው 50 ሳንቲም። ማኅበሩ ከሞተ በኋላ ካታሎጉ ኖረ። ዛሬ ማን ምን እንዳቀረበ የምናወራው ከእሱ ተነስተን ነው። በ1988 እንግሊዛዊው አርቲስት ዴሚየን ኸርስት ገና ተማሪ እያለ ከጓደኞቹ ጋር ለንደን ወደብ አካባቢ ባዶ ሕንፃ ውስጥ "ፍሪዝ" የተባለውን ዐውደ ርዕይ ሲያዘጋጅም ደህና ካታሎግ ታትሞ ነበር። ልጆች ናቸው እኮ፣ የእናንተ እኩያ።

እናንተን ሳይ የሚገርመኝም ይሄ ነው። መክፈቻ ላይ ስልካችሁ አያርፍም፤ ከሥዕሉ ፊት ቆማችሁ የራሳችሁን ፊት ትቀርፃላችሁ። የሥዕሉን ጀርባ ያነሳ ግን አላየሁም። ስም፣ ዓመት፣ መጠን የሚጻፈው እዚያ ላይ ነው። ይህን በማለቴ ልታኮርፉ ትችላላችሁ። እኛም በእናንተ ዕድሜ እንዲህ ዓይነት ምክር ስንሰማ "አቦ አታካብድ" ነበር የምንለው።

እና መግባት ነው ወይስ መቅረት? ከመፈረማችሁ በፊት የእያንዳንዱ ገዢ ስምና ስልክ በጽሑፍ እንደሚሰጣችሁ ይስማሙ። እምቢ ካሉ አትግቡ። ካታሎግ ባይኖር እንኳ የሥራዎቹ ዝርዝር በአንድ ገጽ ይታተም። ይህን ካልኩ በኋላ ደግሞ አንድ ነገር ልመን፦ ሕይወቴን የቀየሩት ጓደኞች ያለ ምንም ወረቀት በገባሁባቸው እንዲህ ያሉ ሱቆች ውስጥ ነው የተዋወቅኳቸው። ውል ቢጠየቅ ኖሮ ግማሾቹ ዐውደ ርዕዮች አይከፈቱም ነበር። ስለዚህ ቃሌን እንደ ሕግ አትያዙት። የምታምኑት ሰው ከሆነ፣ የምትሰጡትም ሥራ ቢጠፋ የማያስለቅሳችሁ ከሆነ፣ ዝም ብላችሁ ግቡ።

እምቢ ማለትም ፍርሃት አይደለም። ማኔ የሚባለው ሰዓሊ (ሞኔ አይደለም፣ ሌላ ነው) ደጋ ቢለምነውም ከ1874ቱ ቀረ። ትግሉ ሳሎን በሚባለው ኦፊሴላዊ ትልቅ ዐውደ ርዕይ ውስጥ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ በዚያው ዓመትም እዚያ አቀረበ። ሞሪዞ ደግሞ በሳሎን ሥራዋ ተቀባይነት ያገኘች ሆና ሳለ ትታው ከእነሞኔ ጋር ገባች። ሁለቱም የሚፈልጉትን ያውቁ ነበር። የሚያናድደኝ "ሁሉም ስለገባ ገባሁ" የሚለው ነው።

ከገባችሁ ቦታውን ቀድማችሁ እዩት። ሱቅ ሱቅ ነው፤ ሰፊ መስታወት አለው። የውሃ ቀለምና ወረቀት ላይ የተሠራ ነገር ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ አታሰቅሉ፣ ቀለሙን ይበላዋል። አዲስ የተቀባ ግድግዳ ላይ ደግሞ ሽታው ሳይጠፋ ሸራ አታስጠጉ። ቀራፂዎች ወለሉን ጠይቁ፤ ክብደት የሚችል መሆኑን አዘጋጁ ራሱ ላያውቅ ይችላል።

የመዝጊያውን ቀን ደግሞ ካላንደራችሁ ላይ ከመክፈቻው አስበልጣችሁ ጻፉት። ሥራ የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ ሲወርድ ነው። ሁሉም ደክሟል፣ ቁልፉ በማግስቱ ይመለሳል፣ የጭነት መኪናው ውጭ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። መጠቅለያችሁን፣ ገመዳችሁንና ማርከራችሁን ይዛችሁ ከሠራተኞቹ ቀድማችሁ ድረሱ። የሽያጭ ዝርዝሩን ፎቶ ኮፒ ሳትቀበሉም ከዚያ በር እንዳትወጡ።