ለሠራተኞቻችን የቡድን የሕክምና መድን ብንገባስ?

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ የሚገኝ፣ 42 ሠራተኞች ያሉት ማተሚያ ቤት ነን። እስካሁን ከአንድ ክሊኒክ ጋር የዱቤ ውል አለን፤ በየወሩ የሚልክልንን ሂሳብ እንከፍላለን። ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ሠራተኛ ሲገጥመን ግን ከክሊኒኩ አቅም በላይ ስለሚሆን መዋጮ እንሰበስባለን። የቡድን የሕክምና መድን መግባት ያዋጣናል? ከየት እንጀምር?

መልስ፦ መዋጮ የምትሰበስቡት ለየትኛው ሕክምና እንደሆነ ካያችሁ መድን የሚያስፈልጋችሁ የቱ ላይ እንደሆነ ታውቃላችሁ። መድን ሰጪዎች ሽፋኑን ብዙ ጊዜ ለያይተው ነው የሚያቀርቡት፦ ተኝቶ ሕክምና፣ ተመላላሽ ሕክምና፣ ወሊድ፣ ጥርስ፣ መነጽር። አረቦኑን (ለመድን ሰጪው የምትከፍሉትን ዋጋ) የሚያንረው ተመላላሹ ነው፤ ምክንያቱም ሁሉም ሠራተኛ በዓመት ውስጥ አንድ ሁለቴ ሐኪም ቤት መሄዱ አይቀርም። እንደሚወጣ የታወቀን ወጪ በመድን መሸፈን፣ የራስን ብር የመድን ሰጪውን የሥራ ማስኬጃና ትርፍ ጨምሮ መልሶ እንደመግዛት ነው። ስለዚህ በጀታችሁ ጠባብ ከሆነ የክሊኒኩን የዱቤ ውል አታፍርሱ። ለጉንፋኑና ለታይፎይዱ እሱን ይዛችሁ፣ ከፍ ያለ ጣሪያ (መድን ሰጪው የሚከፍለው ከፍተኛ መጠን) ያለው የተኝቶ ሕክምና መድን ግዙ። ሁሉንም ጠቅልለው ገዝተው ጣሪያውን ዝቅ የሚያደርጉ ድርጅቶች ብዙ ናቸው፤ ቀዶ ሕክምናው የመጣ ቀን ግን እንደገና መዋጮ ውስጥ ይገባሉ።

አጀማመሩ በስም ዝርዝር ነው። የእያንዳንዱን ሠራተኛ ሙሉ ስም፣ ጾታ፣ የትውልድ ቀን፣ የሥራ መደብ፣ ቤተሰብም የሚካተት ከሆነ የትዳር ጓደኛና የልጆችን ስም ከነዝምድናው አዘጋጁ። 42 ሠራተኛ፣ 30 የትዳር ጓደኛና 61 ልጅ ካላችሁ ዋጋ የሚወጣው ለ133 ሰው ነው። «ቤተሰብ» ማን እንደሆነ በውሉ ይጻፍ፦ ስንት ልጅ፣ እስከ ስንት ዓመት፣ የማደጎ ልጅስ? ወላጆች አብዛኛውን ጊዜ አይካተቱም፤ ይህን ለሠራተኛው አስቀድሞ መንገር ከኋላ ቅሬታ ያድናል።

እዚህ ላይ ሁለት ስህተት ይደጋገማል። አንደኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ የልደት ዓመት እንደ ፈረንጅ ዓመት ሲነበብ የልጁ ዕድሜ ላይ 7 ወይም 8 ዓመት ይጨመራል፤ የ12 ዓመቱ ልጅ 19 ወይም 20 ይሆንና የ18 ዓመት ገደብ ካለ ከሽፋን ይወጣል። በዝርዝሩ ራስጌ የቱ አቆጣጠር እንደሆነ ጻፉ። ሁለተኛው ስም ነው። በእኛ አገር ሚስት በባሏ ስም ስለማትጠራ ዝምድናው ከስሙ አይታወቅም፤ የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀት ቅጂ አብሮ ይያያዝ።

ዝርዝሩን ከአንድ ዓይነት የሽፋን ሠንጠረዥ ጋር ቢያንስ ለሦስት መድን ሰጪዎች ስጡ። ሠንጠረዡ የተለያየ ከሆነ ዋጋ ማወዳደር አይቻልም። መልሱ ሲመጣ ከአረቦኑ በፊት የሚከተሉትን ፈልጉ። ጣሪያው ለአንድ ሰው ነው ወይስ ለመላው ቤተሰብ? 100,000 ብር ለአንድ ሰውና 100,000 ብር አምስት አባላት ላሉት ቤተሰብ አንድ አይደሉም። በጣሪያው ውስጥ ሌላ ጣሪያ አለ? የአልጋ ዋጋ በቀን ተወስኖ ከሆነ ልዩነቱን ሠራተኛው ይከፍላል። ከውሉ በፊት የነበረ በሽታ፣ ስኳርና ደም ግፊት፣ ይሸፈናል? ለወሊድ የመጠበቂያ ጊዜው፣ ማለትም ሽፋኑ እስኪጀምር የሚጠበቀው ጊዜ፣ ስንት ወር ነው? በዱቤ የሚቀበሉት ሆስፒታሎች ሠራተኞቻችሁ ለሚኖሩበት ሰፈር ይቀርባሉ? የጤና መጠይቅ ከቀረበላችሁ ደግሞ አንዳችም አትደብቁ፤ በንግድ ሕጉ አውቆ የተደበቀ ነገር ውሉን ሊያፈርሰው ይችላል።

ከተፈራረማችሁ በኋላ የካሳ ክፍያ ሪፖርት በየሦስት ወሩ ጠይቁ። ለምሳሌ 800,000 ብር አረቦን ከፍላችሁ 720,000 ብር ካሳ ከወጣ ካሳው የአረቦኑ 90 በመቶ ነው፤ በእድሳት ላይ አረቦኑ እንደሚጨመር ከወዲሁ እወቁት። ሪፖርቱን የምታዩት ውሉ ሊያበቃ አንድ ሳምንት ሲቀረው ከሆነ ሌላ ዋጋ ለማፈላለግ ጊዜ የላችሁም።

ግብርን በተመለከተ፣ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት አሠሪ ለሠራተኛው ሕክምና በትክክል የከፈለው ወጪ ከሠራተኛው የገቢ ግብር ነፃ ነው። የቤተሰብን ሽፋንና አረቦኑን ራሱን ግን በግምት አትሥሩ፤ ከግብር ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤታችሁ የጽሑፍ መልስ ያዙ።

ጥያቄ፦ ድርጅታችን መድን ገብቶልናል። ከኪሴ ከፍዬ ካቀረብኳቸው ሰባት ደረሰኞች ሦስቱ ተመለሱብኝ። ለምን ይሆን?

መልስ፦ ሦስቱም የተመለሱበት ምክንያት በጽሑፍ ይሰጥዎ ዘንድ በሰው ኃይል ክፍል በኩል ይጠይቁ። በአብዛኛው የሚገጥመው ይህ ነው፦ ደረሰኝ አለ፣ የበሽታው ስም የተጻፈበት የሐኪም ማስረጃ የለም፤ የላቦራቶሪ ክፍያ አለ፣ የሐኪሙ ትእዛዝ የለም፤ ደረሰኙ ላይ ያለው ስም መድን ሰጪው ጋ ካለው ጋር አይገጥምም፤ ወይም ውሉ የሚፈቅደው የማቅረቢያ ቀን አልፏል። መድኃኒት ላይ ደግሞ ፋርማሲው ዋናውን የሐኪም ማዘዣ ያስቀረዋል። ማዘዣውን ከመስጠትዎ በፊት ፎቶ ኮፒ አንሥተው ፋርማሲው ማህተም እንዲያደርግበት ይጠይቁ። ለእርስዎ የተከፈለው ከደረሰኙ ያነሰ ከሆነም የግድ ስህተት አይደለም። የሠራተኛው ድርሻ 10 በመቶ በሆነበት ውል ከ9,000 ብር ሂሳብ 900ው የእርስዎ ነው።

ቀጠሮ ተይዞለት ለሚደረግ ቀዶ ሕክምና ከመተኛትዎ በፊት የመድን ሰጪውን ፈቃድ ያግኙ። በድንገተኛ ጊዜ መጀመሪያ ይታከሙ፤ ማሳወቂያው ግን በውሉ በተጻፈው ሰዓት ውስጥ ይድረስ፤ ስልክ የሚደውል አንድ የቤተሰብ አባል አስቀድሞ ይወቅ።

ጥያቄ፦ መድኑ ካለ የሥራ ላይ ጉዳትና የሕመም ፈቃድ ክፍያ ይቀርልናል?

መልስ፦ አይቀርም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የሕክምናውን ወጪ የመሸፈን ግዴታ የአሠሪው ነው፤ ብዙ የቡድን የሕክምና ውሎችም ይህን ጉዳት ከሽፋናቸው ያወጡታል፤ ለእሱ ለብቻው መድን ይገዛል። የሕመም ፈቃድም እንዳለ ነው፦ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ።

ጥያቄ፦ በዓመቱ መካከል ሰው ብንቀጥር ወይም ቢለቅስ?

መልስ፦ ወዲያው በደብዳቤ አሳውቁ፤ መድን ሰጪው ኢንዶርስመንት የሚባለውን የውል ተጨማሪ እስኪሰጣችሁ አዲሱ ሠራተኛ ተሸፍኗል ብላችሁ አትቁጠሩ። ለአንድ ሰው ዓመታዊ አረቦኑ 6,000 ብር ቢሆን፣ 4 ወር ካለፈ በኋላ የገባ ሰው በቀሪው 8 ወር ልክ 4,000 ብር ይከፈልለታል። የሚለቅ ሠራተኛ የራሱንም የቤተሰቡንም የመድን ካርድ ሳይመልስ ክሊራንስ አይፈረምለት። ከለቀቀ በኋላ በዱቤ ቢታከምበት ሂሳቡ ወደ እናንተ ነው የሚመለሰው።