በስታዲየም አካባቢ የተከራየሁት የምድር ቤት ሱቅ ታሸገ፤ ገንዘቤን ማን ይመልስልኛል?

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ስታዲየም አካባቢ ባለ ሕንፃ ምድር ቤት የስፖርት ትጥቅ ሱቅ ተከራይቼ ስሠራ ደንብ አስከባሪዎች «ቦታው በፕላኑ የመኪና ማቆሚያ ነው» ብለው አሸጉት። አከራዬ ደግሞ «ሕንፃው የተፈቀደው ለቅይጥ አገልግሎት ነው፤ ሄደህ ተከራከራቸው» ይለኛል። የስድስት ወር ኪራይ ቀድሜ ከፍያለሁ። ሴራሚኩንና መደርደሪያውንም በራሴ ወጪ ነው ያሠራሁት። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የአከራይዎ ክርክር ለጆሮ ይጥማል እንጂ በሕግ አያስኬድም። ቅይጥ አገልግሎት ማለት ሱቅ፣ ቢሮና መኖሪያ በአንድ ሕንፃ ላይ እንዲኖሩ መፈቀዱ ነው፤ ባለቤቱ ወለሉን ሁሉ እንዳሻው ይለውጣል ማለት አይደለም። እንዲያውም ምድር ቤቱ ለፓርኪንግ የሚያዘው ቅይጥ ሕንፃ ብዙ ሰውና መኪና ስለሚስብ ነው። የባቡር ተሳፋሪና የሱቅ ደንበኛ በሚጋፋበት በስታዲየም ዙሪያ ምድር ቤቱ ሱቅ በሆነ ቁጥር መኪናው አስፋልት ላይ ይደረደራል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ከወጣ ጀምሮ ደግሞ አዲስ መገንባት ብቻ ሳይሆን የነባር ሕንፃን አገልግሎት መለወጥም ፈቃድ ይጠይቃል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚፈልጉት ሰነድ የጸደቀው ፕላን ነው። አከራይዎ እንዲያሳይዎ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ እምቢ ካለ ለግንባታ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ያመልክቱ። ፕላኑ «ሱቅ» የሚል ከሆነ ባሸገው አካል ላይ አቤቱታ ያቀርባሉ። «ፓርኪንግ» ካለ ግን ደንብ ማስከበር በር ላይ አይመላለሱ፤ ጉዳይዎ ከአከራይዎ ጋር ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1678 ውል የሚደረግበት ጉዳይ የሚቻልና ሕጋዊ እንዲሆን ያዛል። ለፓርኪንግ የተፈቀደን ቦታ ሱቅ አድርጎ ማከራየት ይህን አያሟላም። ውሉ እንዲፈርስ በአንቀጽ 1808 መጠየቅ ይችላሉ፤ ሲፈርስም በአንቀጽ 1815 መሠረት ተዋዋዮቹ በተቻለ መጠን ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ። ያልተጠቀሙበትን ቅድሚያ ክፍያ ለማስመለስ ጠንካራ መሠረት አለዎት። የነገዱባቸውን ወራት ኪራይ ግን አይጠብቁ፣ ተጠቅመውበታል። ሴራሚኩ ላይ ክርክሩ ይከብዳል። አከራይዎ ፓርኪንግ መሆኑን እያወቀ «ሱቅ ነው» ብሎ እንዳከራየዎ ማስረዳት ይኖርብዎታል፤ ውሉ ላይ «ሱቅ» ተብሎ መጻፉና በዚያ አድራሻ ያወጡት ንግድ ፈቃድ እዚህ ላይ ይረዱዎታል። ውሉ ላይ የተጻፈው ኪራይ በእጅ ከከፈሉት ያነሰ ከሆነ (በከተማችን አዲስ ነገር አይደለም) ልዩነቱን የሚያሳይ የባንክ ማስተላለፊያ ከሌለዎት ችግር ነው።

የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን ይዘው የሚመጡ ነጋዴዎች አሉ። እሱ የመኖሪያ ቤት ነው፣ ለሱቅ አይሠራም።

አከራይዎ «ቆይ እንነጋገራለን» እያለ ቢያመላልስዎ አይዘናጉ፤ የ2 ዓመት ይርጋ (ክስ የማቅረቢያ ጊዜ ገደብ) አልፏል ብሎ ሊያነሳብዎ ይችላል። እሽጉን ደግሞ በምንም ምክንያት አይንኩ፣ በወንጀል ያስጠይቃል። ዕቃዎን ለማውጣት ላሸገው ጽሕፈት ቤት ማመልከቻ ያስገቡ፤ ሲከፈትም ዕቃው አንድ በአንድ ተመዝግቦ በቃለ ጉባኤ ይፈረም።