ዳገት ላይ የምታድር ቮልስዋገን ለምን በቤንዚን ትጥለቀለቃለች?

ጥያቄ፦ 1600 ሞተር ያላት የቆየች ቮልስዋገን አለችኝ። ቤቴ ሽሮ ሜዳ ስለሆነ ማታ ማታ ፊቷን ወደ ዳገቱ አዙሬ ነው የማቆማት። በቅርቡ አዲስ የቤንዚን ፓምፕ ካስገጠምኩላት ወዲህ ጠዋት በቀላሉ አትነሣም፤ ካንዴላዎቹ ርሰው ይወጣሉ፣ ከተነሣች በኋላም ጥቁር ጭስ ታወጣለች። መካኒኩ ካርቡሬተሩ (ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ክፍል) መለወጥ አለበት ይላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ካርቡሬተር ከመግዛትዎ በፊት፣ እንዲያውም ሞተሩን ደግመው ከማስነሣትዎ በፊት፣ የዘይት መለኪያውን መዝዘው ያሽትቱት። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት ካለፈና ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ሳይቀይሩት መኪናዋን እንዳያንቀሳቅሱ አጥብቄ እመክርዎታለሁ። ይህ ሞተር የሚይዘው 2.5 ሊትር ዘይት ብቻ ነው፤ ራዲያተር ስለሌለውም ከነፋሱ ቀጥሎ ሙቀቱን የሚሸከምለት ይኸው ዘይት በመሆኑ፣ በቤንዚን የቀጠነ እንደሆነ ሞተሩን በአጭር ጊዜ ይበላዋል።

ዳገቱ ከነገሩ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። ታንኩ ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ፣ ፊቷን ሽቅብ አድርጋ ስትቆም ታንኩ ከካርቡሬተሩ በላይ ይሆናል። የፓምፑ ቫልቮች በአብዛኛው የሚያግዱት ወደ ኋላ የሚመለሰውን እንጂ ወደ ካርቡሬተሩ የሚሄደውን ባለመሆኑ፣ ሌሊቱን ሙሉ ቤንዚኑን ይዛ የምታድረው በካርቡሬተሩ ክዳን ሥር ያለችው መርፌ ብቻ ናት። እሷ በደንብ ካልዘጋች ቤንዚኑ ወደ ሲሊንደር፣ ከዚያም ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ጥገናው እስኪያልቅ ድረስ ፊቷን ወደ ቁልቁለቱ አድርገው ያቁሟት።

መርፌዋን ለመፈተን ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የክዳኑን አምስት ብሎኖች ፈትተው ክዳኑን ያንሡ፤ መርፌዋን በጣት ወደ ላይ ገፋ አድርገው በቤንዚን መግቢያው በኩል በንጹሕ የጎማ ቱቦ ሲነፉ ምንም አየር ማለፍ የለበትም። ካለፈ የሚለወጠው መርፌዋና መቀመጫዋ ነው፤ ከሥሯ ያለችውን ቀለበት ግን እንዳይረሷት፣ ምክንያቱም በቀጭን ከተተካች የቤንዚኑ ከፍታ ይጨምራል። ቤንዚኑ ሲሞላ መርፌዋን ወደ ላይ የሚገፋውን ተንሳፋፊም አውጥተው ሙቅ ውኃ ውስጥ ያስገቡት፤ አረፋ ከወጣው ተበስቷል።

እኔ ግን ይበልጥ የምጠረጥረው አዲሱን ፓምፕ ነው፤ ችግሩ የጀመረው እሱ ከገባ ወዲህ ነውና። ፓምፑን የሚገፋው ዘንግ 108 እና 100 ሚሊሜትር የሆኑ ሁለት ዓይነት ስላለው ከፓምፑ ጋር መግጠሙን ያረጋግጡ። ከዚያም ፓምፑ ወልቆ፣ ጋስኬቶቹ በቦታቸው እንዳሉ፣ ሞተሩን በእጅ ሲያዞሩት ዘንጉ ከላይኛው ጋስኬት በላይ ከ13 ሚሊሜትር በላይ መውጣት የለበትም። ከወጣ ግፊቱ ስለሚበዛ ደህናዋ መርፌ ራሷ ትሸነፋለች፤ መድኃኒቱም ጋስኬት መጨመር ብቻ ነው። ብዙ ደህና ካርቡሬተር በዚህ ጥፋት ተጥሏል፤ ያሳዝናል።

በዚህ ሥራ ላይ ሳሉ የባትሪውን ሽቦ ይንቀሉ። የሞተሩ አካል ከማግኒዚየም ቅይጥ የተሠራ በመሆኑ አንዴ ከተቀጣጠለ ውኃ እሳቱን ያባብሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ካንዴላዎቹ ደርቀው ጥቁር ጭሱ ብቻ ከቀረ፣ ወደ ቾኩ (ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አየሩን ቀንሶ ቤንዚን ወደሚያበዛው መዝጊያ) የሚሄደው የኤሌክትሪክ ሽቦ መያዙን ይዩ። ሽሮ ሜዳ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነና አየሩም ስስ ስለሆነ፣ ለቆላ የተመጠነ ዋና ጂግለር (በካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚኑን የሚመጥነው ቀዳዳ) እዚያ ቤንዚን ያበዛል፤ አንድ ቁጥር ዝቅ ያለ ቢያስገቡበት ጭሱም ፍጆታውም ይቀንሳል።