መጀመሪያ ከውስጥ በኩል እዩት

ልጆቼ፣ እንጨት መቅረጽ ከጀመርኩ አርባ ዓመት አለፈኝ። ሰሞኑን አንድ ተማሪዬ ስልኩን ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ጭምብል ልሥራ» አለኝ። ዮሩባ የሚባሉት የምዕራብ አፍሪካ ሕዝቦች ገለዴ ለሚሉት ጭፈራ የሚሠሩት ጭምብል ነው። ያምራል። «ከውስጥ በኩልስ እንዴት ነው?» አልኩት። ዝም አለ። ፎቶው ላይ የለማ!

ይህን የምጽፍላችሁም ለዚሁ ነው። ጭምብል ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ፊት ብቻ ይመስላል። ገለዴ ግን በደቡብ ምዕራብ ናይጄሪያና በቤኒን የሚጨፈር ነገር ነው። የሚጨፈረውም ለእናቶች ነው። ዮሩባዎች ባልቴቶች ትልቅ ኃይል አላቸው ብለው ያምናሉ፤ ሲደሰቱ ልጅና ዝናብ ይሰጣሉ፣ ሲቆጡ ይጎዳሉ። ስለዚህ በጭፈራ ያባብሏቸዋል። ጨፋሪዎቹ ወንዶች ናቸው፤ ብዙ ጊዜም የሴት ልብስ ይለብሳሉ። እግራቸው ላይ ያሰሩት ብረት ከከበሮው ጋር እኩል ይንቃጨላል። ጭምብሉን ፊታቸው ላይ አያጠልቁትም፤ እንደ ባርኔጣ አናታቸው ላይ ይደፉታል። የሚያዩት ፊታቸውን በሸፈነው ጨርቅ ውስጥ ነው።

እስቲ አስቡት፤ ያን ተሸክሞ የሚዘል ሰው አለ። ከባድ ከሆነ አንገቱን ይሰብረዋል። በዚያ አገር ቀራጩ የሚሠራው በእርጥብ እንጨት ነው፤ እርጥቡ ለስለት ይመቻል። መጀመሪያ በመጥረቢያ ጥቅል ቅርጹን ያወጣል። ዓይንና ቅንድብ የሚመጡት መጨረሻ ላይ ነው። ውስጡን ቦርቡሮ ያሳሳዋል። እንዲህ ሲሆን ይቀላል፤ ሲደርቅም የመሰንጠቁ ነገር ይቀንሳል። እናንተ ብዙ ጊዜ ከዓይኑ ትጀምራላችሁ። እኔም በልጅነቴ እንደዚያው ነበርኩ፤ ስንት ጥሩ ዋንዛ አበላሽቻለሁ!

የጭምብሉ ፊት አብዛኛውን ጊዜ የረጋ ነው። ከፊቱ በላይ ግን የመንደሩ ወሬ ሁሉ ይቀረጽበታል፦ እባብ፣ ወፍ፣ ገበያ የወጣች ሴት፣ ሞተር ሳይክል ሳይቀር። ይሄ በጣም ደስ ይለኛል። ቀራጩ አያቱን አክብሮ የራሱን ዘመን ይጨምራል። ዩኔስኮ ገለዴን በ2008 እ.ኤ.አ. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል፤ ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ዛሬም መጨፈሩ ነው።

እና ልጆቼ፣ የሌላ ሕዝብ ጭምብል ስትሠሩ ማን እንደሚለብሰው፣ ለማን እንደሚጨፈር ጠይቁ። የሠራችሁትንም ስትሸጡ «የጥንት ነው» አትበሉ። የራሳችሁ ሥራ መሆኑን ተናገሩ፤ ከማን እንደተማራችሁትም ጨምሩበት።

ያ ተማሪዬ በማግስቱ ሜትር ይዞ መጣና የራሱን ጭንቅላት ለካ። አሁን ውስጡን እየቦረቦረ ነው። ፊቱን ገና አልነካውም።