አምስት ወር ሞልቶት አይገላበጥም ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። ማሙሽ አምስት ወር ሞልቶታል፣ ይስቃል፣ ዕቃ ይጨብጣል፣ ግን አይገላበጥም። የጎረቤት ልጅ በአራት ወሯ ተገለበጠች ብለሽ ተጨንቀሻል። ቀኑን ታቅፎ ወይ ታዝሎ እንደሚውል፣ እናትሽም ወለሉ ይበርደዋል ብለው መሬት እንደማያስነኩት ጽፈሻል።

መጀመሪያ ተረጋጊ። አብዛኞቹ ልጆች ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ነው የሚጀምሩት። እዚሁ ኮዬ ፈጬ ሁለት ልጅ ወልጄ፣ ትልቋ ቀደም አለች፣ ትንሹ ስድስት ወር ሊሞላው ሲል ተገለበጠ። ሁለቱም ደህና ናቸው። ዕድሜውን ከጎረቤት ልጅ ጋር አታስተያዪው።

ለእኔ ዋናው ነገር ወለል ነው። መታዘል ጥሩ ነው፣ ልጅ ይሞቀዋል፣ ይረጋጋል። ለመገልበጥ ግን ተደግፎ የሚገፋው ጠንካራ ነገር ይፈልጋል። ፍራሽ ላይ ይሰምጣል። የእኛ ሰፈር ንፋስና ብርድ ይታወቃል፣ እናትሽ እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ምንጣፍ ላይ ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ አጥፈሽ አንጥፊ፣ ረፋድ ላይ ቤቱ ሞቅ ሲል አውርጂው። ልብሱንም ቀንሺለት። ሹራብ በሹራብ ላይ የደረበ ልጅ ጉልበቱን ማጠፍ ያቅተዋል። ካልሲውንም አውልቂው፣ በባዶ እግሩ ምንጣፉን ቆንጠጥ አድርጎ ይገፋል።

በሆዱ መዋልን አስለምጂው። የዓለም ጤና ድርጅት ገና መዳህ ላልጀመሩ ሕፃናት፣ ነቅተው ሳሉ፣ በቀን ቢያንስ 30 ደቂቃ ይመክራል። በአንዴ ማለት አይደለም። ዳይፐር በቀየርሽ ቁጥር ሁለት ሦስት ደቂቃ እያልሽ ትሞይዋለሽ። ጠብቶ እንደጨረሰ ግን አታድርጊው፣ ያስመልሰዋል። ካለቀሰ አንቺ በጀርባሽ ተኝተሽ ደረትሽ ላይ በሆዱ አስተኚው። ፊትሽን ለማየት ሲል ብቻ አንገቱን ያነሳልሻል።

ጨዋታው እንዲህ ነው። በጀርባው አስተኝተሽ የሚወደውን ነገር ዓይኑ ፊት አሳዪው። ከዚያ ቀስ እያልሽ ወደ ጎን፣ ከትከሻው ከፍ ወዳለው ቦታ ውሰጂው። መጀመሪያ ዓይኑ ይከተላል፣ ቀጥሎ ራሱ ይዞራል፣ ከዚያ እጁ ደረቱን ተሻግሮ ይዘረጋል፣ ወገቡ መጨረሻ ነው የሚመጣው። ወገቡ ላይ ከቆመበት ያኔ አግዢው። ወደ ግራ የሚዞር ከሆነ የቀኝ ጉልበቱን አጥፈሽ በግራው እግር ላይ አሻግሪለት። እዚያ ላይ አቁሚ። እጁን ይዘሽ አትጎትቺው።

እኛ እናቶች ልጅ ሲታገል ማየት አንችልም፣ ቶሎ እናዞረዋለን። ግን በጎኑ ሆኖ ወዲህ ወዲያ ሲል ነው ሰውነቱ የሚማረው። ያቺን ጊዜ አትውሰጂበት። ከተገለበጠ በኋላ አንድ እጁ ከሥሩ ተይዞበት ሊያለቅስ ይችላል። በዚያው በኩል ዳሌውን ትንሽ ከፍ ብታደርጊለት ራሱ ያወጣዋል። በሁለቱም ጎን እያፈራረቅሽ አጫውቺው።

መጫወቻ ለመግዛት አትጨነቂ። ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ ትንሽ ሽንብራ ጨምረሽ ክዳኑን ጥብቅ ካደረግሽው ይበቃል። ክዳኑ ከተከፈተ ያንቀዋልና ስትጨርሺ አንሺው። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ሰው ነው። ትንሹ ልጄ ለዕቃ አልዞር ብሎ እህቱ አጠገቡ ተኝታ ስትጠራው ነበር የሚዞረው። እናትሽንም አትከራከሪያቸው፣ ሥራ ስጪያቸው። ከጎኑ ተቀምጠው ይጥሩት። በእሳቸው ድምፅ ሲዞር ካዩ ራሳቸው ናቸው መሬት የሚያወርዱት።

ፀሐይ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብዙዎቻችን ልጅ የምናሞቀው ከመስኮት መስታወት ጀርባ ነው። ቪታሚን ዲ የሚሰጠውን ጨረር ግን መስታወት ያስቀረዋል። ቪታሚን ዲ ያነሰው ልጅ አጥንቱና ጡንቻው ይደክማል፣ እንቅስቃሴውም ሊዘገይ ይችላል። ጠዋት ጠዋት በረንዳ ወይም ግቢ አውጪው።

ክትባት ስንወስድ እንጠይቃለን ማለት አያዋጣም። ከ14ኛው ሳምንት በኋላ ቀጣዩ መደበኛ ክትባት 9 ወር ላይ ነው፣ በመሃሉ ብዙ ጊዜ ያልፋል። ስድስት ወር ሞልቶት በየትኛውም በኩል ካልተገለበጠ ራስሽ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ሰውነቱ በጣም ዝልፍልፍ ካለ ወይም ከደረቀ፣ አንገቱን ካልያዘ፣ አንዱን ጎን ብቻ የሚጠቀም ከሆነ፣ ወይም ቀድሞ ያደርግ የነበረውን ከተወ ግን ስድስት ወርም አትጠብቂ። ያለጊዜው የተወለደ ከሆነ ወሩን መቁጠር ያለብሽ መወለድ ከነበረበት ቀን ነው።

እንቅልፉን በተመለከተ ሁልጊዜ በጀርባው አስተኚው። ትራስና ወፍራም ብርድ ልብስ አጠገቡ አይኑር። ጠቅልለሽ የምታስተኚው ከሆነ አሁኑኑ አቁሚ፣ ተጠቅልሎ ከተገለበጠ መመለስ ያቅተዋል። አልጋ ላይም ጡጦ ላምጣ ብለሽ እንኳ ብቻውን አትተይው። የመጀመሪያው መገልበጥ የሚመጣው ሳይታሰብ ነው።