ለልጆቻችሁ የባሶን ገበያ ንገሩ

አሜሪካ ልጅ የምታሳድጉ የጎጃም ልጆች፣ በየዓመቱ በፌብሩዋሪ በየትምህርት ቤቱ የጥቁሮች ታሪክ ወር ይከበራል። አንድ ቀን ልጃችሁ ቦርሳውን ወርውሮ «አባዬ፣ እኛም ሀገር ባሪያ ነበር?» ማለቱ አይቀርም። ብዙ ወላጅ ሲመልስ ሰምቻለሁ፤ «እኛ ቅኝ ያልተገዛን ሕዝብ ነን» ይልና በቀጥታ ወደ አድዋ ይሻገራል። ልጁ ግን የጠየቀው ስለ አድዋ አይደለም። እናንተ የደበቃችሁትን ነገ ስልኩ ላይ ያገኘዋል፤ ያን ጊዜ ስለ አድዋ የነገራችሁትንም ይጠራጠራል።

ስለዚህ እናንተው ንገሩት። የጁቤ አካባቢ የነበረው የባሶ ገበያ በ19ኛው መቶ ዘመን ከአባይ ወዲህ ካሉት ትልልቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። ጊቤ አካባቢ ከነበረችው ከእናርያና ከዚያ ወዲያ ካለው ሀገር የተያዙ ሰዎች በጉድሩ በአሰንዳቦ በኩል አባይን ተሻግረው፣ ከዝባድና ከዝሆን ጥርስ ጋር እዚያ ይሸጡ ነበር። ከባሶም ወደ ጎንደር፣ ወደ መተማ፣ ወደ ምፅዋ ይነዱ ነበር። በምዕራብ በኩል ደግሞ ዛሬ መተከል በምንለው ቆላ ጉሙዞች ይፈነገሉ ነበር። በልጅነታችን «ባሪያ ፈንጋይ መጣ!» እየተባልን እንፈራ ነበር፤ ፈንጋዩ ግን ብዙ ጊዜ ከእኛው ደጋ ተነሥቶ የሚወርድ ባላባትና ወታደር ነው። ይህን ማንም አልነገረንም።

«ዘመኑ ነው» የሚል መከራከሪያ ታነሡ ይሆናል። ፍትሐ ነገሥት ሰው ሁሉ በተፈጥሮው ነጻ መሆኑን ይናገርና፣ ወዲያው ጦርነት የተሸነፈውን ለአሸናፊው ባሪያ ያደርገዋል ይላል። ስለዚህ አባቶቻችን አያውቁም ነበር ማለት ይከብደኛል። ዐፄ ቴዎድሮስ ንግዱን ከልክለዋል። ዐፄ ዮሐንስ በ1876 ዓ.ም ይህንኑ ለማስቆም ከእንግሊዝ ጋር ተዋውለዋል። በመስከረም 1916 ዓ.ም የመንግሥታት ማኅበር አባል ስንሆን ጉዳዩ በግልጽ ተነሥቶብናል፤ በዚያው ዓመት መጋቢት ባሮች ቀስ በቀስ ነጻ የሚወጡበት አዋጅ ወጣ። ፈጽሞ የተሻረው ግን በነሐሴ 1934 ዓ.ም ነው። ክልከላው ተደጋግሞ የዘገየው ክፋቱ ስላልታወቀ ሳይሆን የሚጠቀምበት ሰው ስለበዛ ነው፤ እኔ የምፈርደው እንዲህ ነው። በመካከሉ ጣልያን በ1928 ዓ.ም ሲወረን ባርነትን ሰበብ ማድረጉ ነገሩን አበላሽቶታል፤ እስከ ዛሬ ጉዳዩን ያነሣ ሁሉ የፋሺስት ወሬ የሚደግም የሚመስለው ሰው አለ። ሌባ ቤታችሁ ገብቶ «ቤታችሁ ቆሽሿል» ቢላችሁ ሌብነቱ አይቀርለትም፤ ቆሻሻውም ቆሻሻ ነው።

የእኛ እንደ አሜሪካው የጥጥ እርሻ አልነበረም ማለት ትችላላችሁ፣ እውነት ነው። አብዛኛው በቤት ውስጥ አገልጋይ ነበር፤ ክርስትና የተነሣ፣ አንዳንዴም ለሹመት የበቃ ነበር። «እንደ ልጅ ነበር የሚታየው» ግን አትበሉ። ልጅ ለሙሽራ ጥሎሽ ተደርጎ አይሰጥም። ዛሬ ቤይሩት እህቶቻችንን በቤት ሠራተኝነት የምትቀጥረው እመቤትም ፖሊስ ሲጠይቃት የምትለው ይህንኑ ነው፤ «እንደ ልጄ ነው የማያት።»

እኔ አንድ ሥራ ባርነት ይሁን አይሁን ለመለየት ደግ አሠሪ ነው ወይ ብዬ አልጠይቅም። ሰውየው በቃኝ ብሎ መውጣት ይችላል ወይ? ቢወጣስ ማን ይመልሰዋል? ባሶ ላይ የተሸጠው መልሱ ይታወቃል። በዓረብ ሀገሩ የከፋላ ሥርዓት የእህቶቻችን የመኖሪያ ፈቃድ ከአንድ አሠሪ ጋር የታሰረ ነው። ሳታስፈቅድ ከቤት የወጣች ሕገወጥ ትባላለች፤ ፓስፖርቷንም ብዙ ጊዜ አሠሪዋ ናት የምትይዘው። የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግ የቤት ሠራተኛን አያቅፍም። በ2012 ዓ.ም የዚያ ሀገር ኢኮኖሚ ሲወድቅ አሠሪዎች እህቶቻችንን ከነሻንጣቸው ቆንስላችን በር ላይ ጥለዋቸው ሄደዋል። ያኔ ሁላችንም ተቆጣን፣ ፌስቡኩን አጥለቀለቅነው።

አሁን ወደማትወዱት ነገር ልምጣ። ደብረ ማርቆስ እናታችሁ ቤት ያለችውን ልጅ ታውቋታላችሁ? ከማቻክል ወይም ከስናን ገጠር «ላስተምርሽ» ተብላ የመጣችውን። ስልክ ስትደውሉ ከጀርባ «አንቺ፣ ቡናውን አቅርቢ!» ሲባል የምትሰሟት እሷ ናት። ባሪያ ናት አላልኩም፤ እንዲህ ያለ ቃል ያለ ቦታው መወርወር አልወድም። መውጣት ትችላለች ወይ? የምትችለው የመሳፈሪያ ካላት ነው። ደመወዟ «ይጠራቀምላታል» ከተባለ በእጇ የላትም። ዕድሜዋንም ጠይቁ። በ2011 ዓ.ም የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከ15 ዓመት በታች መቅጠርን ይከለክላል፤ የቤት ሠራተኛን ነገር ግን ሌላ ደንብ ይወጣለታል ብሎ ወደ ጎን ትቶታል። ከሊባኖስ ብዙም አልራቅንም።

የዚያ ቤት ወጪ የሚሸፈነው እናንተ በምትልኩት ዶላር ነው፤ ስለዚህ ትሰማላችሁ። በሚቀጥለው ስትደውሉ በስሟ ጠርታችሁ አነጋግሯት። ትምህርት ቤት በየትኛው ፈረቃ ገባች? የት ነው የምትተኛው? እሑድ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች? እናታችሁ መጀመሪያ ይቆጣሉ፤ «እኔን ልታስተምሩኝ ነው?» ይላሉ። ታገሧቸው፣ አትከራከሯቸው፤ የልጅቱን ደመወዝ ግን ከወጪው ለይታችሁ ላኩ። ወሩ ሲሞላ በገዛ እጇ ትቀበል። አባቷ ለማዳበሪያ የሚሆን ብር ፍለጋ በግንቦት ወይም በሰኔ ብቅ ማለታቸው አይቀርም፤ ያን ጊዜ ከእሷ ብር ከሚሰጣቸው እናንተ ብታበድሯቸው ይሻላል።